ሙዙን ይዤ ስጠብቅ

ዛሬ በገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ እዚሁ ሱዳን ገዳሪፍ፣ «ጨካኝ እናት» ተባልሁ።

ልጄ ናሆም ሦስት ዓመት አልፎት አሁንም የሚፈልገውን የሚነግረን በጣቱ ነው። ጆሮው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ፣ «የሚፈልገውን በእጅሽ ይዘሽ ስሙን ጥሪለት። ከዚያ ትንሽ ጠብቂው፤ ባይናገርም ስጪው» አለችኝ።

ቀላል ይመስላል። እኛ ግቢ ግን ልጅ ዓይኑን የጣለበትን ነገር ሳይቀምስ አይታለፍም። ጣቱን ሳያነሣ ሴቱ ሁሉ ይሮጥለታል።

ዛሬ ሙዝ ይዤ «ሙዝ» አልሁትና ጠበቅሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ «ኸላስ፣ በቃ ስጪው፣ ልጁን አታስጎምጂው፣ አንቺ ጨካኝ» ብለው ሊነጥቁኝ መጡ።

«እትዬ፣ ቀድመን እየሰጠነው መቼ ይጠይቅ? ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸው።

ናሆም እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ «ሙ» አለ።

ወዲያው ሰጠሁት። ነገም ይዤ እጠብቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ቢያኮርፈኝም።

ከሰዓት ስወጣ እትዬ ዘነቡ ናሆም ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ብስኩት ይዘው «ብስኩት» አሉትና ከንፈራቸውን ነክሰው ጠበቁ።

በዶካም በከሰላም ከተማ ያላችሁ እናቶች፣ ጎረቤቶቻችሁን እንዴት አስታገሣችሁ? ጻፉልኝ። እትዬን አሳምኛለሁ፤ ግቢው ግን ገና ነው።