ማር ምላስ በቀትር ዜና

በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ይላታል። ከአራት ማይክሮፎን መሃል የትኛው ላይ እንደተተነፈሰ ዓይኗን ጨፍና የምትለይ ሴት ሌላ ምን ትባላለች? ሃያ ሁለት ዓመት ከድምፅ ማደባለቂያው፣ ከሚክሰሩ ፊት ተቀምጣ የሰው ድምፅ ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራለች። ሥራው ምስጋና የለውም። ሺህ ቀን በትክክል ብትሠራ ማንም ልብ አይላትም፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ አንድ ቀን ብትሳሳት ግን አገር ምድሩ ያወራታል።

ዜና አንባቢው ማር ምላስ ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተመልካቾች ናቸው። እኛ የጣቢያው ሠራተኞች ብንሆን ኖሮ ሌላ እናወጣለት ነበር።

ይሄ ማር ምላስ አንድ ክፉ አመል ነበረው። የተቀረጸ ዘገባ ሲተላለፍ፣ እሱ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ስለሚጠፋ ማይኩ መዘጋት አለበት። እሱ ግን «አትዝጊው፤ ስትከፍቺው የመጀመሪያ ቃሌ ይቆረጣል» ብሎ ድርቅ ይላል። ጆሮም ንዝነዛው ሲበዛባት እሺ አለችው። ጥፋቷ ይቺው ብቻ ናት። አንድ ቀን በዘገባ መሃል አቶ ማር ምላስ እግሩን ዘርግቶ፣ «እነዚህ ከብቶች እኮ ምንም ብታነብላቸው ይውጣሉ» አለ። ከብቶቹም ምሳቸውን እየበሉ ሰሙት።

የጣቢያው ስልክ ጩኸቱን አቀለጠው። ማታውኑ ይቅርታ ተነበበ። ያነበበው ማን ይመስላችኋል? ራሱ! ድምፁ የሱ እንዳልሆነ፣ የድምፅ ባለሙያዋ በስህተት የለቀቀችው የድራማ ቅጂ እንደሆነ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ አነበበው።

ጆሮ ቤቷ ስትደርስ እናቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ? ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይለቃል?»

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው የተናገረው።»

እናቷ ቴሌቪዥኑን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ። «በቴሌቪዥን ተነገረ እኮ» አሉ።

አለቀ። እኚህ እናት ልጃቸው የምትሠራበት ጣቢያ ነውና የሚለውን ሁሉ ያምኑት ነበር። ጆሮ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ዕቃ ማከማቻው ተወረወረች፤ አራት ዓመት ኬብል ስትጠቀልል ኖረች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት እጇን ይዘው፣ «ያንን ነገር እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት። ያልሠራችውን ይቅር አሏት! ከዚያ በኋላ ጆሮ ቂም ያዘች ማለት ያንሳታል። ቂሟን እንደ ልጅ አሳደገችው።

ዘንድሮ ወጣቶቹ ባለሙያዎች አንድ በአንድ እየለቀቁ ሲሄዱ፣ የዜና ክፍሉ ኃላፊ ምርጫ አጣና ወደ ሚክሰሩ መለሳት። ማር ምላስ ትንሽ እንኳን አላፈረም። ስቱዲዮውን ከድምፅ ክፍሉ ከሚለየው መስታወት ማዶ ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ ገና አለሽ?» አላት። ሳቀችለት። ሦስት ሳምንትም እየሳቀችለት ጠበቀች።

ሰኞ በቀትር ዜና ላይ ስለ መንገድ ጥገና የአራት ደቂቃ ዘገባ ተለቀቀ። አጠገቧ የተቀመጠው የሥርጭቱ ዳይሬክተር ፊቱን አዙሮ በስልክ ያወራል። ጆሮ የዘገባውን ድምፅ ቀስ አድርጋ ዝቅ፣ የማር ምላስን ማይክ ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገች። ከዚያም እሱ ጆሮው ውስጥ ከሰካት ማዳመጫ ጋር የሚያገናኛትን ቁልፍ ተጫነች። እሷ የምትለውን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። እሱ የሚለውን ግን አሁን አገር ይሰማዋል፤ እሱ ደግሞ ይሄንን አያውቅም፤ ከዚያ ጉድ ወዲህ በዘገባ ሰዓት ማይኩ ሁልጊዜ ይዘጋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ምንድነው?»

«ያን ጊዜ ተመልካቹን ከብት ያልከው አንተ ነህ። ለምን እኔ ላይ ለጠፍከው?»

ማር ምላስ ከረባቱን እያስተካከለ ሳቀ። «አሁንም ከሱ አልወጣሽም? አዎ፣ ተመልካቹን ከብት ያልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ይጠበስ? የድራማ ቅጂ ነው አልናቸው፣ ዋጡት። አንቺን ማን ይሰማሻል?»

«አመሰግናለሁ» አለችና ቁልፉን ለቀቀችው።

ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት። ስልኮቹ ከየክፍሉ መጮህ ሲጀምሩማ እንደ ሠርግ ዘፈን ነው የሰማቻቸው። ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ።

«ማነው ማይኩን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«በስህተት ነው አይደል? ስሚኝ እህቴ፣ በስህተት ነው በይ። የቴክኒክ ብልሽት ነበር ብለን እናስነብባለን፤ አንቺንም ማንም አይነካሽም።»

«አውቄ ነው። አራት ዓመት አስቤበት ነው የከፈትኩት።»

ኃላፊው መስማት አልፈለገም። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ሞነጫጨረና ወደ ስቱዲዮው አስሮጠው። ማር ምላስ ወረቀቱን ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሆነው ሁሉ ያኔ ገባው። ሆኖም ልማድ ነውና፣ ዘገባው አልቆ ካሜራው ወደ እሱ ሲመለስ ፈገግታውን አስተካክሎ ጀመረ።

«የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ ቀደም ሲል የሰማችሁት ድምፅ...»

ጆሮ ማይኩን ዘጋችው።

«ክፈቺው!» አለ ኃላፊው። «ክፈቺው እንጂ!»

ሁለት እጇን የማይኩ መዝጊያ ላይ ጭና፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ጎተታት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከመስታወቱ ማዶ ማር ምላስ ምንም ሳያውቅ ያስረዳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ደረቱን ይዞ ይምላል። ጥበቃዎቹ መጥተው ከወንበሩ ሲያነሷት ወረቀቱን አንብቦ ጨርሶ ነበር። ማይኩ ከተዘጋ ወዲህ ግን ከሚመለከተው ሕዝብ አንድም ሰው አንዲት ቃል አልሰማም።