የመዝሙሩ ድርሻ

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰርቨሩ «ቦታ ሞልቷል» ብሎ ጠበቀኝ። ሁለት ትእዛዝ ጽፌ ዲስኩን አሰፋሁት፤ ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም። እንዲህ ሲቀለኝ ሁልጊዜ ጋሽ ተክሌ ትዝ ይሉኛል፤ ብቻዬን እስቃለሁ።

ጋሽ ተክሌ እዚሁ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ምግብ ቤት ነበራቸው። ከጀርባው ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ የማቀናብርባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። አዲሱን ሰርቨር ስተክል ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ክፍል፣ ቮልዩም የምንለው፣ ለሰርግ ፊልም፣ ሌላው ለቤተክርስቲያናችን መዘምራን። መዝሙሩ ጥቂት ነው ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። የእግዚአብሔር ድርሻ ከጭፈራ አያንስም ብለው እኩል እንዳደርገው አዘዙ።

ዝናቡ ጀምሮ የሸሪካት መንገድ ሲጨቀይ፣ ማንጎው በየደጁ ሲረግፍ ኛማል የምትባል የኑዌር ልጅ ተዳረች። ጋምቤላ በስደት ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እናቷ ታመው ከዚያ መምጣት ስላልቻሉ ወንድሟ በማግስቱ ፊልሙን ሊወስድላቸው ነበር። አቀናብሬ ላወጣው ስል የሰርጉ ቮልዩም ጢም ብሎ ሞላ። ዕለቱ እሑድ፣ አዲስ ዲስክ እንዳልገዛ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የመዝሙሩ ቮልዩም ግን ባዶውን ተንጣሏል።

ፊልሙን እዚያ ላስቀምጠው ብል ጋሽ ተክሌ ጭፈራ ከመዝሙር ጋር አያድርም አሉ። ከመዝሙሩ ቀንሼ ለሰርጉ ልጨምር ብል ደግሞ ባሰባቸው፤ ለቤተክርስቲያን የሰጡትን መልሶ መንጠቅ ሆነባቸው። ኛማል በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ ቤተክርስቲያን ስገባ አላየችኝም» አለቻቸው። «ይህንን ካላየች ምን ታያለች?»

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ቀንሺ» አሉኝ። «ለእናትየው የሚበቃውን ብቻ።»

መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል። መጀመሪያ ውስጡ ያለው፣ ፋይሎቹን የሚያደራጀው ፋይል ሲስተም ይጠባል፣ ቀጥሎ ቮልዩሙ። ዕቃ ሳይሰበስቡ ግድግዳ እንደመግፋት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ያለውንም ያጣል። መዝሙሮቹን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ጀመርኩ። ጋሽ ተክሌ ጄኔሬተሩ እንዳይጨናነቅ ብለው የወጥ ቤቱን ፍሪጅ አስነቀሉ፤ ዓሣው ይበላሻል ያለችውንም ወጥ ሠሪ ተቆጧት። ሲያልቅ መዝሙሮቹን ሁሉ አስከፍተው አዳመጡ። የሰርጉን ቮልዩም እንዳሰፋ የፈቀዱልኝ ከዚያ ወዲያ ነው።

ፊልሙ ከደረሰ በኋላ እናትየው ደወሉ። ስለ ቀሚሱም ስለ ጭፈራውም አላወሩም። ልጃቸው ቤተክርስቲያን ስትገባ የተዘመረውን በኑዌርኛ ስልኩ ላይ ዘመሩት። ጋሽ ተክሌ ቃሉ ባይገባቸውም እንባቸው ወረደ፤ በእጃቸው ቅጂ ቅጂ እያሉ ጠቆሙኝ። ቀድቼ ከመዘምራኑ ጋር አስቀመጥኩት።

አሁን እንደ ጋሽ ተክሌ ስለ ቦታ የሚከራከረኝ የለም፤ ይህም አንዳንዴ ይከፋኛል። ያ የእናትየው ድምፅ ግን አለ። ሰርቨር በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የማሻግረው እሱን ነው።