ለአከራያችን የፈተልሁት የበግ ጠጉር

እኔን ደግሞ በፈረንጅ በግ ማን አገባኝ? ባሕር ዳር ሳለሁ የበግ ጠጉር በሚፈትሉ የደጋ ሰዎች ስስቅ ኖሬ፣ ባናቸውን ደርበው ገበያ ሲመጡ "በጉ ከነነፍሱ ነው ወይ የተለበሰው?" እያልሁ ሳሽሟጥጥ ኖሬ፣ በስተርጅና ኖርዌይ የሚባል አገር ድረስ ተጉዤ ከአንድ አኩራፊ ሽማግሌ ጋር የእጅ ጓንት ስሠራ ተገኘሁ። ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። እኔ ፊደል ስላልቆጠርሁ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ስድቡን እንዳታስቀርብኝ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።

የወጣሁ ዕለት ማታ ቤቴ ሠርግም ልቅሶም ይመስል ነበር። ትርንጎ እዚያ ብርድ አገር ወልዳ፣ የልጁ አባት ትቷት ሄዶ፣ "እማየ ድረሽልኝ" ብላ የመግቢያውን ወረቀት ላከችልኝ። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ጥጥ ነጋዴዋ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮና በርበሬ እያደላደለች ታለቅሳለች። ስንት ዘመን ከእሷ ጥጥ እየወሰድሁ የፈተልሁ ሴት ነኝ። እንዝርቴን ከቀሚሴ መሀል ጠቀለለችና "እጅሽ ሥራ ከፈታ አፍሽ ሰው ይጨርሳል፤ ያዥው" አለችኝ።

እዚያ ስደርስ አንድ ደንብ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ሻንጣዬን ከፈተው። በርበሬውን ሲያሸት ሦስት ጊዜ አነጠሰ። "ይማርህ" ብለውም አልገባውም። ደግሞ እንዝርቴን ብድግ አደረገና በስልክ አስተርጓሚ አስጠራብኝ። ምን ያደርጋል ብሎ ሲጠይቀኝ "የለበስኸው ከሰማይ የወረደ መስሎህ ነው?" አልሁት። አስተርጓሚው ጨዋ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ "ልብስ መሥሪያ ነው ብያቸዋለሁ፣ እማማ፤ ሌላውን ትቸዋለሁ" አለኝ።

ትርንጎ የምትኖረው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ኦላ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ ባከራያት የእንጨት ቤት ነው። ሐይቅማ አላቸው፤ ግን ለዓይን ብቻ ነው። ጣና ዳር ሰው ይታጠባል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ እዚህ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ የሚሳደብ እንኳ የለም። ምግባቸው ዓሣ በድንች ነው፤ ሲለወጥ ድንች በዓሣ። ሰላምታውን አታንሱብኝ። "እንዴት አደርህ፣ ከብቱ ደኅና ነው?" ብዬ ወደ ልጆቹ ሳልደርስ ሽማግሌው በሩን ዘግቶ ገብቷል። ቆፈኑ ደግሞ ጣቴን ያዘኝና ፍሬ እንዳጣ ጭራሮ አደረቀው።

በሁለተኛው ወር ሽማግሌው መጣና በረዶው መጥቶ ሲቀልጥ ቤቱን ለወንድሙ ልጅ እንደሚሰጥ ለትርንጎ ነገራት። ትርንጎ ደንግጣ የስደተኞች ቢሮ ሄደች። ሹሙ፣ ቤት ከሌለሽ እናትሽ መቆየት አይችሉም አላት። ያለ እናቴ ሕፃኑን የሚይዝልኝ የለም፣ ካልያዙልኝ ሥራ አልሄድም፣ ሥራ ካልሠራሁ ቤት የሚያከራየኝ የለም ብትለው፣ "ያ ሌላ ቢሮ ነው" አለና ብዕሩን ከደነ። እንግዲህ ያች ቤት ከሄደች እኔ ወደ ባሕር ዳር፣ ትርንጎ ከነልጇ ሜዳ ላይ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌው በጎቹን ሸለተና ጠጉሩን ከጎተራው ጀርባ ከመረው። የሚገዛው ስለጠፋ ሊያቃጥለው ነው አሉ። እኔ ዓይኔ እያየ ሊነድ? በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ተሸክሜ ገባሁ። አጠብሁት፣ ባዘትሁት፣ ሕፃኑ ሲተኛልኝ ፈተልሁት። ጥጥ ጨዋ ነው፤ የበግ ጠጉር ግን እንደ ምራት ይነጫነጫል፣ ቅባቱም ከእጅ አይለቅም። ቢሆንም ሦስት ልቃቂት ወጣው።

እንግዲህ እኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ልቃቂቷን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ሸማኔ ደግሞ ወንድ ነው። ወንድ ከሆነ ይሸምን የለ ብዬ ልቃቂቴን ይዤ፣ ሕፃኑን አዝዬ ሽማግሌው ዘንድ ሄድሁ። የቤቱንም ነገር ልለምነው ነው። ፈትሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁና "በል ሥራው" አልሁት በአማርኛዬ። አልገባውም። እንደ ሸማኔ ቁጭ ብዬ በእግሬ መርገጫውን ረገጥሁለት፣ በእጄ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ወረወርሁለት። ጭፈራ መስሎት አጨበጨበ።

ኋላ ክሩን በጣቱ አሸት አሸት ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ጓዳ ገብቶ ቆየ፤ አለቀሰ መሰለኝ። ሲወጣ አምስት ቀጫጭን የሹራብ እንጨት ይዟል። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቋጠሮውን ጀመረ። ለካ በልጅነቱ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ሹራብ መሥራት ተምሮ፣ ሚስቱ ትፈትልለት ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ግን እንጨቱን ነክቶት አያውቅም። ይህን ትርንጎ ናት ኋላ ጠይቃ የነገረችኝ። እኔማ አፌን ከፍቼ ጢማም ወንድ ሹራብ ሲሠራ ሳይ ልመናዬን ረስቼው ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሠራል። ጓንታቸው ለአራቱ ጣት አንድ አዳራሽ ነው፤ አውራ ጣት ብቻ የራሷ ጎጆ አላት። ክርሽ እዚህ ላይ ወፈረ ብሎ በቋንቋው ይቆጣል፤ እኔም "ዓይንህ ነው የቀጠነው" እለዋለሁ። የመጀመሪያውን ለሕፃኑ ሠራ፣ ሁለተኛውን ለእኔ፣ ሦስተኛውን ለራሱ። እኔም ቋጠሮውን ለመድሁ፤ የእኔ ጓንት ግን አውራ ጣቱ ሁለት ሆኖ ወጣና ሽማግሌው ሲስቅ ጥርስ እንዳለው አየሁ። ስለ ቤቱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ በረዶው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ትርንጎ እቃ መጠቅለል ጀመረች።

አንድ ቀን የወንድሙ ልጅ ሜትር ይዞ መጣና ግድግዳችንን ይለካ ጀመር። ሽማግሌው ጓንቱን እንዳጠለቀ ከጋጣው መጣ። አንድ ነገር አለው፤ ልጁ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ትርንጎ እንጀራ እናቷ የሞተችላት ይመስል ትስቃለች።

"ምን አለው?"

"'ቤቱ ተይዟል፤ እኔ ፈታይ አላስወጣም' ነው ያለው፣ እማየ።"

ወረቀቴም ታደሰ። ደስ አለኝ፤ ደግሞ ሆዴ ባባ። ለዘይነባ ለፍልሰታ እመለሳለሁ ብያት ነበርና። በማግስቱ መልኳ በሚታይበት ስልክ ደወልሁላት። ከኋላዋ የጣና ነፋስ ሻሿን ያውለበልበዋል። ዘንድሮ አልመጣም አልኋት፣ ጓንቱን አሳየኋት፣ የፈተልሁትን፣ ሽማግሌው የለበሰውን፣ ያለውንም ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋት። ሻሿን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

"አንች ሴትዮ" አለችኝ፣ "እኛ አገር ሴት ፈትላ ያለበሰችው ወንድ ባሏ ነው። አከራይ እያልሽ አታድክሚኝ።"