ፀሐይ ላይ የቆሙ መሐንዲሶች

በደርግ ዘመን ተሰደን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንገባ፣ እኔንም ጓደኛዬንም እንጀራ ያበላን መሐንዲስነታችን ነበር። ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ ላለ የስደተኞች ካምፕ የውሃ ታንከር እንድናቆም ተቀጠርን። አለቃችን አዲስ አበባ ሳለን ያስተማሩን ሰው ነበሩ፤ በስደትም ቢሆን እሳቸው ፊት ሲጋራ አናጨስም።

ባለ አራት እግር የብረት ማማ ተክለን ታንከሩን ከላዩ ሰቀልን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሞላበት ቀን የካምፑ ሴቶች ከማለዳ ጀምረው ጀሪካናቸውን ደርድረው ከሥሩ ተቀመጡ። በዚያ ሜዳ ሌላ ጥላ የለም፤ የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ማታውን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው። ከአንደኛው እግር ሥር ተቦርቡሮ፣ ኮንክሪቱ ዘመም ማለቱን አየሁ። ታንከሩ ሲሞላ ያ እግር ክብደቱን መቻሉ አጠራጠረኝ።

"እንዴት ነው?" አሉ አለቃችን።

"ደህና ነው ጋሼ" አለ ጓደኛዬ። እኔም ደገምኩት። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ይሉኝታ ያዘን።

ሱዳናዊው ሞተረኛ ፓምፑን ለማስነሳት ትእዛዝ ይጠብቃል። ይሄኔ አንድ ነገር ገረመኝ። ትናንት ብሎን ስናጠብቅ በጥላው ስንጋፋ የዋልን ሰዎች፣ ዛሬ ላባችን በጀርባችን እየወረደ ከማማው ርቀን ቆመናል። ያደረብኝ የመጠየቅ አመል ነውና አላስችል አለኝ።

"ጋሼ፣ ሦስታችንም ፀሐይ ላይ የቆምነው ለምንድነው?"

የቆሙበትን መሬት አዩ፣ ከዚያ ጥላውን። ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።

"ጠዋት አይቼዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የራሴን ሥራ በራሴ አፍ ማጣጣል ከበደኝ። ከእናንተ አንዳችሁ ትናገራላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ጓደኛዬም ማየቱን አመነ። አለቃችን እጃቸውን አወዛውዘው ሞተረኛውን "ኸሊሁ፣ ተወው" አሉት። ሰው ደህና ነው ሲለኝ የቆመበትን ቦታ የማየት ልማድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አደረብኝ።

ሴቶቹን ከሥሩ ተነሱ አልናቸው። ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት ጀሪካኗን እያነሳች ምክንያቱን ጠየቀች፤ አለቃችን ሳይሸሽጉ ነገሯት።

"ከጠዋት ጀምሮ አይታችሁት ነበር?"

"አዎ ልጄ።"

"እኛንስ ከሥሩ ተቀምጠን አላያችሁንም ጋሼ?"