አንኮበርን የሰጠንበት ጨዋታ

የኔታ ግስ ሲያስጠኑን አርጩሜ አያነሡም ነበር። ግስ የግእዝ ቃላት ጥናት ነው፤ ቅኔ ልማር ብሎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ሳይዝ ፈቀቅ አይልም። በሌላው ዘንድ ተማሪ ቃሉን እየተገረፈ ይይዘዋል። የእኛ የኔታ ግን ከልጆች እንቆቅልሽ ጨዋታ አውጥተውልን ነበር።

አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው አንድ የግእዝ ቃል ይጥልበታል። ትርጉሙ የጠፋበት፣ በእንቆቅልሽ ወግ፣ አገር ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ማንም ልጅ ያውቀዋል። የኔታ የጨመሩበት ሌላ ነው። አገር የተሰጠው ሰው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ተራራዋን፣ ወንዟን፣ በሯን በግእዝ ስማቸው እየጠራ ይገዛታል፤ ይሾማል፣ ይሽራል። የተሸነፈውም የሳተውን ቃል ኋላ በትክክል ከመለሰ አገሩ ይመለስለታል። ከመካከላችን እነዋሪን ያልገዛ አልነበረም።

አንኮበርን ግን ማንም አይሰጥም። የከለከለን ኖሮ አይደለም፤ ፈርተን ነው። የምንማረው ከጎረቤላ በታች ስለ ነበር፣ ቀና ስንል የንጉሡ ግቢ ከጉሙ በላይ ይታየናል። በዚያ ክረምት ደግሞ መናገሻው ወደ እንጦጦ ሊነሣ ነው ይባል ነበር። የግቢው ሰው ሁሉ ማን ይቀራል፣ ማን ይሻራል እያለ ጥላውን ይጠራጠር ጀመር።

የኔታ ለተዝካር ተጠርተው እነዋሪ በሄዱበት ቀን አንዱን ጓደኛዬን በጥያቄ አጣደፍሁት። የሚያውቀውን አገር ሁሉ አስረክቦ ጨረሰ። እኔ በተፈጥሮዬ እልኸኛ ነኝ፤ ስጠኝ ብዬ ያዝሁት። በንዴት አንኮበርን ውሰድ አለኝ። ሌሎቹ ቀና ብለው ወደ ግቢው አዩ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ፤ ማን ይቁም! ድንጋዩ ላይ ወጥቼ፣ «ደብሯ የኔ፣ ፈለጓ የኔ፣ ኆኅቷም የኔ! የቀድሞውን በረኛ ሽሬዋለሁ» አልሁ። ደብር ተራራ፣ ፈለግ ወንዝ፣ ኆኅት በር ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከየኔታ አጥር ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ወደ ሥራው የሚወጣው የግቢው በረኛ ራሱ ቆሞ ኖሯል።

ጠና ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ብቅ ሲል ጓደኞቼ እንደ ጭድ ተበተኑ። አንኮበርን ተከፋፍላችኋል፣ በሩንም በድግምት ልትከፍቱት ነው አለኝ። ከዚያ በአገሩ ልማድ የኩታውን ጫፍ ከደበሎዬ ጠርዝ ጋር ቋጠረው። ከሳሽና ተከሳሽ እንደዚያ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ቋጠሮውን የፈታ እንደ አመነ ይቆጠራል።

ዳገቱን ይዞኝ ወጣ። ለዚህ ወንጀል መገረፍና ከአገር መባረር እንዳለበት አውቃለሁ። ጅራፉን እችለው ይሆናል። ከየኔታ ደጅ መባረሩን ግን አልችለውም ነበር፤ የአባቴን ሞፈር ጥዬ የመጣሁት ለዚያ ደጅ ነውና።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ዝናሙ ሲበረታ ቋጥኝ ሥር ተጠለልን። ቋጠሮው አጭር ስለ ነበር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ቆምን። በረኛው ያ ያልሁት ነገር በእውነት ድግምት አለመሆኑን ጠየቀኝ። የጨዋታውን ወግ ከነሕጉ አስረዳሁት። አላመነኝም፤ እስቲ በእኔ ላይ ሞክረው አለ።

«እንቆቅልህ» አልሁት።

«ምን አውቅልህ።»

«ጊሜ» አልሁ። ዙሪያችንን የከበበን እሱ ስለ ነበር ነው ያን ቃል ያነሣሁት። ብዙ አሰበ፤ አላወቀውም። አገር ስጠኝ አልሁት።

«እኔ ከዚያ በር ሌላ ምን አገር አለኝ?» አለ። «በል አንኮበርን ውሰድ።»

እኔም እሱም ደነገጥን። ጊሜ ማለት ጉም ነው አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ዝናሙ ሳያባራ ወደ ላይ፣ እስከ ዳኛው ደጅ ወሰደኝ።

ዳኛው በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ። በረኛው የሰማውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ብለሃል ወይ ሲሉኝ፣ ብያለሁ ጌታዬ፣ የቃል ማጥኛ ጨዋታ ነው አልሁ። ዳኛው፣ የንጉሥ አገር ሰጥቶ መቀበል ጨዋታ መሆኑን የሚመሰክርልህ ማን ነው አሉኝ።

ምስክሬ ከጎኔ ታስሮ ቆሟል። በመንገድ ያለውን ልናገር አፌ ድረስ መጣ። ግን የተከሳሽን ቃል በከሳሹ ላይ ማን ያምነዋል? ቢያምኑኝም ጅራፉ ለሁለት ይሆናል እንጂ ለእኔ አይቀርልኝም። ደግሞም ቋጥኙ ሥር ከዚያ በር ሌላ አገር የለኝም ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አሳዝኖኛል። ምስክር የለኝም አልሁ።

ዳኛው ወደ በረኛው ዞሩ። «አንኮበርን በአፉ የሰጠም፣ የተቀበለም ከዳተኛ ነው ብለህ ንጉሥ ይሙት በል።»

በረኛው ቋጠሮውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዳኛው ጀርባ ጅራፍ ይዞ የቆመው ሰው እጅጌውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር።

«መማል አልችልም ጌታዬ» አለ።

«ለምን?»

«እኔም በመንገድ ሰጥቻታለሁ።»

ዳኛው ለማን እንደ ሰጣት ጠየቁት። ለዚሁ ተማሪ፣ ቃል ጠይቆኝ ስላላወቅሁ ነው አለ። ዳኛው አገጫቸውን እያሻሹ ሁለታችንን ብዙ ተመለከቱን። በመጨረሻ ሁለታችሁንም ከገረፍሁ በሩን ማን ይጠብቃል ብለው፣ ቋጠሮውን ፈትታችሁ ከፊቴ ጥፉ አሉን። ጨዋታውን ግን ከእንግዲህ በሩቅ አገር ስም ተጫወቱ ብለው አስጠነቀቁኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጓደኞቼ ከግቢው ውጭ ቆመው ልንመሰክርልህ መጥተን ነበር ይሉኝ ጀመር። በረኛው ገና ከእኔ ጋር እንደ ተቋጠረ በሩ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ቋጠሮው በዝናሙ ርሶ ስለ ጠበቀ በጥርሱ ነበር የፈታው። ጉሙ በሩን ሸፍኖት ነበርና ወደዚያ ጣቱን ቀሰረ።

«ጊሜ ጉም ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው። «አገሬን መልስልኝ።»

መለስሁለት።