ባሕር የገቡ ሁለት ፊደላት

ደክሞኛል። እንድታዝኑልኝ አይደለም የምለው፤ እውነት ስለሆነ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር ሁለት የቆርቆሮ ሣጥን አለኝ። ውስጣቸው የጦር ጀልባ ዕቃ ነው፤ የናስ ሰሌዳ፣ የመርከበኛ ቆብ፣ የዘይት መለኪያ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ኮምፓስ። የጣቢያው ጡረተኞች "ይኼ ሰውዬ በረሃ ላይ መርከብ ሊሠራ ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን አገባኝ።

አሰብ ላይ የጦር ጀልባ መካኒክ ነበርኩ። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ጀልባዎቹን ትተን በእግራችን ወደ መሐል አገር ጉዞ ጀመርን። በመንገድ ላይ ያለንን ሁሉ ለአፋሮቹ እየሰጠን ውሃና የፍየል ወተት ጠጣን። አንዱ ሰዓቱን ሰጠ፣ አንዱ ቆቡን። እኔ ቀበቶዬን ሰጥቼ፣ ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ ነው አዋሽ የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ እዚሁ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ አረጀሁ። ስለዚህ የጀልባዎቹ ዕቃ ያለው በዚሁ በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ሰመራ፣ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ጥግና ከሰው ቤት ግድግዳ ላይ። ስሰበስብ የሚያየኝ አልነበረም። በኋላ ግን ከአዲስ አበባ ዕቃውን በውድ የሚገዙ ፈላጊዎች መጡ፤ ከነሱ ኋላ ደግሞ ፎርጅድ የሚሠሩት ተከተሉ። አዲስ ናስ ይቆርጣሉ፣ በአሲድ ያጠቁሩታል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ከዚያ "ከአሰብ የመጣ ነው" ይላሉ። እውነቱን ከውሸቱ ለይልን የሚለኝ ሰው በዛ። ስልኬ ቀን ከሌት መጮህ ጀመረ።

የኔ ዘዴ አጭር ናት። ፊደሉን አያለሁ። "ባሕር" በሐመሩ ሐ ነው፤ "ኃይል" በብዙኃኑ ኀ ነው። እኛ ዘንድ እንዲያ ነበር የሚጻፈው። የዛሬዎቹ ግን እንደመጣላቸው በሃሌታው ሀ ይመቱታል፤ "ባህር ሃይል" ብለው። አንዴ ገልመጥ አድርጌ "ፎርጅድ ነው" እላለሁ፣ ያልፋል።

አምና አንዲት ሴት ከሰመራ ደወለችልኝ። ምግብ ቤት አላት፣ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። አባቷ የጦር ጀልባ መርከበኛ ነበር፤ ያኔ እንደወጣ ቀርቷል። ጀልባው ላይ ሞተ የሚሉ አሉ፣ የመን ተሻግሮ ሌላ ትዳር ይዟል የሚሉም አሉ። እናቷ እስከዛሬ አላገባችም። ዒዳም አልተቀመጠችም። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ ሳታጌጥ የምትቀመጠው ሐዘን ነው ዒዳ። "ሞቱን ሳላውቅ እንዴት እቀመጣለሁ?" እያለች ይኸው አረጀች።

አንድ ሽማግሌ አፋር ሰርዶ አጠገብ በመንገድ ዳር ስለ ቀበሩት ሰው ነግሯቸው፣ ከአንገቱ የፈታውን የመርከበኛ መለያ ቁጥር የተመታበት ናስ አምጥቶ ሰጥቷቸዋል። ቁጥሩ አባቷ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ከጻፈው ጋር አንድ ነው። "አባባ፣ እርስዎ እውነት ነው ካሉን እናቴ ታርፋለች" አለችኝ። የናሱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ፎርጅድ አይቻለሁ፤ አንዱን ደላላው የሟቹን ቁጥር ከቤተሰቡ አስቀድሞ ጠይቆ ነበር ያስመታው። ስልኬን ከፈትኩ። "ባህር ሃይል" ይላል፣ ሁለቱም በሃሌታው።

"ፎርጅድ ነው ልጄ" አልኳት። አልበቃ ብሎኝ "የባሕር ኃይል ሰው ፊደል አይሳሳትም" ብዬ ጨመርኩበት። ሽማግሌው ገንዘብ ጠይቋቸው እንደሆን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ ደግሞ ሰመራ ያለ አንድ ባለሆቴል የጀልባ መሪ አግኝቻለሁ ብሎ ጠራኝ። በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀቅዬ ደረስኩ። ሳየው የአሮጌ ትራክተር መሪ ነው። ኤዲያ! ሰውዬውን የአፌን ሰጥቼው ወጣሁና ያገኘሁት ምግብ ቤት ገባሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠይቅ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ቆም ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ የባሕር ኃይሉ ሰውዬ እርስዎ ነዎት አይደል? ድምፅዎን ከስልክ አውቀዋለሁ።"

የአምናዋ ሴት ናት። እሷ ግን አልተቆጣችኝም፤ ሾርባ አቀረበችልኝ። እናቷ ቁጥሩን እንዳልጣለችው ነገረችኝ። "ውሸትም ቢሆን ቁጥሩ የሱ ነው ብላ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው" አለችኝ። "እስቲ አምጪው" አልኳት። ሽማግሌው ከእናንተ ምን ወሰደ ስላት "ምንም፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም" አለች። ፎርጅድ የሚሠራ ደግሞ በነጻ አይሰጥም።

ከሾርባው ጋር የመጣውን ሎሚ፣ ከከሰል ምድጃው ካስመጣሁት አመድ ጋር አድርጌ ናሱን አሸሁት። ጥቁረቱ ለቀቀ። ከቁጥሩ በስተቀኝ ትንሽ ነጥብ ወጣች።

ያቺን ነጥብ የመታኋት እኔ ነኝ።

ያኔ አሰብ ወደብ ላይ፣ ጀልባችን ጫፍ ተቀምጬ፣ ለጎረቤት ጀልባ መርከበኞች የአንገት ቁጥር እየመታሁ ነበር። በመዶሻ የሚመቱት የፊደል ብረቶች የተደረደሩበት ሣጥን አዘነበለብኝ፤ ሁለቱ ብረቶች ዘለው ባሕር ገቡ። "ሕ" እና "ኃ"። አለቃዬ ስቆ "በሃሌታው ምታው፣ ዓሣ እንደሆነ አያነብ" አለኝ። በዚያው ጨረስኩት። የኔ እጅ መሆኑ እንዲታወቅ ብዬ ከየቁጥሩ ጎን በምስማር አንድ አንድ ነጥብ አደረግኩ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ጉረኛ። ከዚያ አዲስ ፊደል መጣና ነገሩን ረሳሁት። ወይ ጉድ! በራሴ ስህተት የሰው ሞት ፎርጅድ ነው ብያለሁ።

"እናትሽ የት ናት?" አልኳት።

እናትየው ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀጭን ናት፣ እጆቿ አብጠዋል። እንደቆምኩ ተናገርኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻልኩም። "እህቴ፣ ይህ የባለቤትሽ ነው። እውነተኛ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አምና ለምን ውሸት ነው አልክ?"

"ፊደሉ ስህተት ስለሆነ።"

"ፊደሉን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አልኩ። አፈርኩ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች በቀስታ፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን። አላለቀሰችም። ልጅቷ ናት የበሩን መቃን ይዛ የተንሰቀሰቀችው። እናትየው የጆሮ ጉትቻዋን አወለቀች። የኒካዋን፣ የጋብቻዋን ቀለበት ልታወልቅ ስትል ግን ጣቷ አብጧል፣ እምቢ አለ። ልጅቷ በሳሙና ሞከረች፣ በዘይት ሞከረች፣ አልሆነም።

የመካኒክ ነገር፣ ፒንሳዬ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ ለልጅቷ ሰጠኋት። ቀለበቱ ላይ አስጠግታው "ጣትሽን ብቆርጥሽስ?" አለቻት።

"ለሱ ስጪው" አለች እናትየው። "ያንን የመታ እጅ ይህንንም ይቁረጥ።"

ልጅቷ የእናቷን እጅ በሻሽ ሸፍና፣ ጣቷን ብቻ አውጥታ ያዘችልኝ። ዓይኔ ደካማ ነው፣ ላብ ይወርድብኛል። ሥጋዋን እንዳልነካ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ቀለበቱ ሥር ያለው ቆዳ ነጭ ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

ጣቷን አሻሸች። ከዚያ በጣቶቿ ወራቱን ስትቆጥር አየኋት።

"አምና እውነት ነው ብትለኝ ኖሮ" አለች፣ "ይሄኔ ዒዳዬን ጨርሼ፣ በእግሬ ሄጄ መቃብሩን አይቼው ነበር። አሁን እግሬም እምቢ ብሏል።"