ውሻው እጄን የላሰ ዕለት

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ነሐሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ቀኝ እጄን አያለሁ። ለምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ በአፌ ማስረዳት ስለሚከብደኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ አጎቴ ቤት ነው። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርት አቁሜ ልብስ ስፌት ገባሁ። የስፌት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ ሰው አያየኝም፤ እኔም ሰው አላይም። ደንበኛ የምታናግረው የሱቁ ባለቤት ናት። ድምፄ ትንሽ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

የአጎቴ ልጅ ሀናን ኮሌጅ ትማራለች። እሷና የክፍል ጓደኞቿ ወደ ቢዮ አዋሌ በኩል ሄደው ተራራ ሊወጡ፣ ድንኳን ተክለውም ሊያድሩ ተነጋገሩ። አጎቴ መጀመሪያ እንቢ አለ። አክስቴ ብትለምነው ጊዜ፣ "ነኢማ አብራት ከሄደች ትሂድ" አለ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሀናን ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠችና፣ "ነኢማዬ፣ በአላህ! ፈቲራሽን ብቻ ሥሪልን፤ ማንም አያናግርሽም" አለችኝ። እንደዚያ ከሆነ እሺ አልኩ።

ሚኒባሱ አውርዶን ሲመለስ ውሻው መንገድ ዳር ተኝቶ ነበር። ቀይ ነው፤ የአንድ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል። ማንም አልጠራውም። ቦርሳችንን ስናዝል ተነሥቶ ሰውነቱን አራገፈና ከፊታችን መሄድ ጀመረ። መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቀናል።

"ወሪያ፣ አስጎብኚ ተገኘልን!" አለ አብዲ። አብዲ የጉዞው አዘጋጅ ነው። አማርኛውን ከሱማሌኛ እየቀላቀለ ሲያወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። የውሻው ስምም በዚያው አስጎብኚ ሆኖ ቀረ።

እኔ ከአስጎብኚ ራቅ ብዬ ነበር የምሄደው። ውሻ ጠልቼ አይደለም። እኛ ቤት የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ያ ሳይሆን መስገድ የለም፤ ምግብ መንካት የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሻ ሲመጣ ቀሚሴን ሰብስቤ ዳር እይዛለሁ። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ እኔን ወደደኝ። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል።

"ነያ!" አለኝ አብዲ። በሱማሌኛ "አንቺ" ማለቱ ነው። "ከዚህ ውሻ ጋር ልብ ለልብ ተግባብታችኋል። ሁለታችሁም አትናገሩም።"

እውነቱን ነው፤ ውሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም ነበር።

"የነኢማን ድምፅ የሰማ ሰው አለ? ካለ ይመስክር!"

ሁሉም ሳቁ። ሀናን "አቦ ተዋት!" አለችው። እኔ አንገቴን ደፍቼ የውሻውን ኮቴ እያየሁ ሄድኩ።

ተራራውን ወጥተን ወርደን፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ድንኳኖቹን ተከልን። ከግራሩ በታች ደረቅ ወንዝ አለ። አሸዋ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ገደል ነው። አብዲ ቀልዱን ትቶ፣ "ማንም አሸዋው ላይ እንዳይወርድ" አለ። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ባይነገረውም ያውቀዋል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ከላይ በሐረር በኩል ይዘንባል፤ ፀሐይ እየወጋህ ጎርፍ ይወስድሃል።

ወንዶቹ እንጨት ሊለቅሙ ሄዱ። ሴቶቹ ፎቶ ሊነሡ ወደ ላይ ወጡ። እኔ ዱቄቱን አውጥቼ ለፈቲራ ማቡካት ጀመርኩ። ብቻዬን ስሆን ደስ ይለኛል። ሊጡ ሲለሰልስልኝ ዘይት ቀባሁትና ከደንኩት። እጄ ላይ ዘይትና የሊጥ ፍርፋሪ ቀርቷል። ቀኝ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ መጥረጊያ ጨርቅ ስፈልግ አንድ እርጥብና ሞቃት ነገር መዳፌን ዳሰሰኝ።

ዞር አልኩ። አስጎብኚ ጭራውን እየቆላ ጣቶቼን ይልሳል።

እጄን ነጥቄ ወደ ላይ ያዝኩት። ምን ላድርግ? ብናገር፣ ሊጡን ውሻ ላሰው ይባላል፤ ማንም አይበላም። ሌሊቱን ሙሉ የሁሉም ወሬ እሆናለሁ። ዝም ብል፣ በዚህ እጅ እንዴት ሊጥ እዘረጋለሁ? እዚያው ከጀሪካኑ እየቀዳሁ ሰባት ጊዜ ብታጠብ ደግሞ አንዱ መጥቶ "ምን ነክቶሽ ነው?" ማለቱ አይቀርም። እንጨት የሚለቅሙት ልጆች ሳቅ ሲቀርብ ሰማሁ። በግራ እጄ አንድ ጠርሙስ ውሃ አንሥቼ ለማንም ሳልናገር ወደ አሸዋው ወረድኩ።

ሰማዩን አላየሁም። የማየው እጄን ብቻ ነበር።

ከላይ እንዳያዩኝ የወንዙን መታጠፊያ አልፌ፣ ከብቶች ከሚወርዱበት ቀጭን መንገድ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አስጎብኚ ተከትሎኝ መጥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"ሂድ" አልኩት በሹክሹክታ። ጭራውን ቆላልኝ።

እጄን በአፈር አሸሁ። ውሃ አፈሰስኩበት። ደገምኩ። እየቆጠርኩ አራተኛው ላይ ስደርስ አስጎብኚ ተነሣ። ጆሮዎቹ ቆሙ። ወደ ወንዙ ላይኛው ጫፍ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እያቃሰተ መጣና የቀሚሴን ጠርዝ በጥርሱ ያዘ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አሁን ቀሚሱም ሊታጠብ ነው የሚል ነበር። ሳብኩት፤ አልለቀቀም። ሳብ ሳደርገው አጉረመረመ። አምና ሰፈራችን ውስጥ ያበደ ውሻ አንዲት ጎረቤታችንን ነክሷት ነበር። የዋህ የነበረው ድንገት ተለወጠ ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይህም አበደ ማለት ነው አልኩ።

ቀሚሴ ጨርር ብሎ ተቀደደ። መውጫው መንገድ በእሱ በኩል ስለነበር ወደ ታች ሮጥኩ። ገደሉ ጎን ላይ እንደ መደብ ወጣ ያለ አፈር አየሁ፤ ከወገቤ ከፍ ይላል። እንደምንም ወጥቼበት ጀርባዬን ለገደሉ ሰጠሁ። ውሻው ከሥር መጥቶ አየኝ። ትንሽ ቆሞ ዞረና በከብቶቹ መንገድ ሮጦ ወጣ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሄደልኝ" አልኩ።

ያን ብዬ ሳልጨርስ ድምፁ መጣ። የጭነት መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ ያለ ድምፅ ነው፤ ግን አያቆምም። መታጠፊያውን ዞሮ ሲመጣ ውሃ አይመስልም ነበር። የሚንከባለል ጭቃ ነው፤ ከፊቱ ግንድና እሾህ እየገፋ ይመጣል። የታጠብኩበት ቦታ፣ ጠርሙሴ፣ የመውጫው መንገድ ሥር፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ።

ወዲያው የቆምኩበት መደብ ጋ ደረሰ። ከእግሬ ሥር አፈሩ እየተቆረሰ ይወድቃል። እጄን ወደ ላይ ብዘረጋ የገደሉን ጫፍ አልነካውም። አንድ ሥር ያዝኩ፤ ተነቅሎ መጣ።

መጮህ ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ይህን የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። ሞት ፊትሽ ቆሞ እንዴት አትጮሂም ይሉኛል። "ሀናን" ልል ሞከርኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈንኩት ድምፅ በፈለግኩት ቀን እንቢ አለኝ።

በዚያ መሀል ከራሴ በላይ ጩኸት ሰማሁ። አስጎብኚ ነበር። ከገደሉ ጫፍ አንገቱን አስግጎ ቁልቁል እያየኝ ይጮሃል። ወደ ድንኳኖቹ ሮጥ ይልና ይጮሃል፤ ይመለስና እኔን አይቶ ይጮሃል። በእግሩ የነካው አፈር ራሴ ላይ ይረግፋል። ያበደ ውሻ እንዲህ እንደማያደርግ ያኔ ገባኝ።

ከጎርፉ ድምፅ መሀል ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ግን እየራቁ ነበር። ሴቶቹ ለሽንት ወደሚሄዱበት ቁጥቋጦ የሄድኩ መስሏቸው ወደዚያ ነው የሚፈልጉኝ።

"ይሄ ውሻ ምን ሆነ?" አለ አንዱ።

"ያበደ ነው! ሴቶቹን እንዳይነክስ፣ አባረው!"

ድንጋይ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ቀጥሎ የተወረወረው መሬት አልመታም። አስጎብኚ ቀጭን ጩኸት ጮኸና ዝም አለ።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ከመደቡ ግማሹ ሄዷል። እሱ ዝም ካለ ወደዚህ የሚመጣ ሰው እንደሌለ አወቅሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጣ፤ እያነከሰ ነበር። ጫፉ ላይ ቆሞ እንደገና ጮኸ። ሌላ ድንጋይ ጆሮው ሥር ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ።

"አትምቱት!"

የኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲያቃጥለኝ ነው።

"አትምቱት! ለኔ ነው የሚጮኸው! አትምቱት!"

ሩጫ ሰማሁ። የአብዲ ፊት ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለ። ሌላ ሰው የጠበቀ ይመስል አፍጥጦ አየኝ።

"ነኢማ? ወላሂ ነኢማ ናት! ገመድ! ገመድ አምጡ!"

የድንኳኑ ገመድ ቀጭን ነበር። ሀናንና ጓደኞቿ የትከሻ ሻርፓቸውን አውልቀው ከገመዱ ጋር ገመዱት። አብዲ በሆዱ ተኛ፤ ሁለቱ እግሮቹን ያዙት።

"በብብትሽ ሥር እሰሪው! ውሃውን አትይ! ነያ፣ እኔን እይኝ!"

ጎተቱኝ። ጉልበቴ ሣሩን ሲነካ ከታች የቆምኩበት አፈር ተንዶ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁትም።

ሀናን እያለቀሰች ትከሻዬን ትመታኛለች። "የት ነበርሽ? ለምን አልነገርሽኝም? ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው ነበር?"

ሁሉንም ተናገርኩ። በሕይወቴ ለዚያን ያህል ሰው ባንዴ አውርቼ አላውቅም። "ሊጡን አልነካውም" አልኳቸው። "እጄን ብቻ ነው። ሊጡ ንጹሕ ነው።"

የሳቀ የለም። አብዲ መሬት ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

"ይሄን ለመናገር አፍረሽ ነው ጎርፍ ውስጥ የገባሽው? እኔ ስለቀለድኩብሽ ነው?"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ" አለ።

አስጎብኚ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ የፊት እግሩን ይልስ ነበር። አብዲ ቀስ ብሎ ጠራው። ውሻው ተነሥቶ እያነከሰ ራቀ። ሌሎቹም ጠሩት፤ የባሰ ራቀ። እኔ አልጠራሁትም። ትንሽ ጠጋ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ቀኝ እጄን ዘረጋሁ።

ብዙ ጠበቅሁት። በመጨረሻ መጣ። ጭቃ የለበሰውን መዳፌን አሸተተ፤ ከዚያ ላሰኝ። እጄን አልሳብኩም።

ሀናን ጀሪካኑን ይዛ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። "ሲጨርስ እጅሽን አብረን እናጥበዋለን" አለችኝ። "አንቺ በአፈር እሺው፤ እኔ እቆጥራለሁ።"

ፈቲራውን ያን ማታ ሠራሁት። የመጀመሪያውን አብዲ ቅጠል ላይ አድርጎ ለውሻው አስቀመጠለትና ራቅ አለ። አስጎብኚ የበላው አብዲ ጀርባውን ካዞረ በኋላ ነው።

ጠዋት እያነከሰ እስከ አስፋልቱ ሸኘን። እዚያ ሻይ የምትሸጥ ሴት የማን ውሻ እንደሆነ ብጠይቃት፣ "የማንም አይደለም፤ የመንገዱ ነው" አለችኝ። አጎቴ ግቢ ውሻ አይገባም። ሚኒባሱ ሲነሣ ትንሽ ተከተለንና ቆመ። እስኪጠፋ በኋላ መስኮት አየሁት። አብዲ አሁንም ወደዚያ የሚሄድ ሾፌር ሲያገኝ ስለ ውሻው ይጠይቅልኛል። እግሩ ድኗል አሉ። እውነት ይሁን ለእኔ ብለው ይሁን አላውቅም።

እኔ አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። የውሻ ምራቅ ሲነካኝም ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፤ ግን ተደብቄ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ስፌቴ ላይ ሆኜ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ በጥላ የተኛ ውሻ ላይ ድንጋይ ሊወረውር እጁን አንሥቷል።

"አትምታው!"

አንድ ባጃጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰውየው ድንጋዩን ጥሎ ማን እንደጮኸበት ለማወቅ ዙሪያውን ያያል። ፊቴ እሳት ሆኖ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀረቀርኩ። የሱቁ ባለቤት መቀሷን እንደያዘች ወደኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።